ቱሉ ዲምቱ፣ ከሥራ መልስ፦ ደህና እራት የት ይበላል?

ሂሳብ ሹሟ — ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ገና ቅርብ ነው። ሥራዬ ወደ ቂሊንጦ ሲዛወር ከመሀል ከተማ መመላለሱ አንገፈገፈኝና እዚሁ ቤት ተከራየሁ። ንፋሱ ትንሽ ይበዛል እንጂ ሰፈሩ አይከፋም። ያስቸገረኝ እራት ነው።

ከሥራ የምወጣው 12 ሰዓት ላይ ነው። ሰርቪሱ ሰው ሲያወርድ ቆይቶ አደባባዩ ጋ ሲጥለኝ 1 ሰዓት ይሆናል። እቃዬ ተጠቃሎ አልመጣም፤ ምድጃም የለኝም። ስለዚህ ውጭ መብላት ግድ ነው። እውነቱን ለመናገር ምድጃው ቢመጣም በዚያ ሰዓት ሽንኩርት የምከትፍ ሰው አይደለሁም።

እስካሁን የገባሁባቸው ቤቶች ልብ አላደረሱኝም። አንዱ በባለቀለም መብራት ያሸበረቀ ትልቅ ቤት ነው። ቀይ ወጥ አዘዝኩ። ዳር ዳሩ የሚፋጅ፣ መሀሉ ቀዝቃዛ ሆኖ መጣ። እንጀራው ጠርዙ ደርቆ ይሰባበራል። ሌላው ሥጋ ቤት ነው። ገና ከበሩ "ብቻሽን ነሽ?" ተባልኩ። ከዚያ ድራፍት የያዘው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥብሱን ሳልጨርስ ወጣሁ።

በርገርና ፒዛ እንዳትጠቁሙኝ፣ አደራ። የምፈልገው የአገር ምግብ ነው፣ ትኩስ። አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ በሰላም በልታ፣ ከ2፡30 በፊት በእግሯ ቤቷ የምትገባበት። ሰፈሩን የምታውቁ ተባበሩኝ።


ኮዬ ማዶ — ሰኞ፣ ማታ 2፡41

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ቲክቶክ አይተሽ ብቻ እንዳትሄጂ። ተጋብዞ የበላ ልጅ የሚያወድሰው ቤት፣ ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ሌላ ቤት ነው።

የስልክ ካርታውንም አትመኚው። እዚህ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ቤቱ ይቀየራል። አምና ሽሮ ቤት የነበረው ዘንድሮ ሞባይል ጥገና ነው። ካርታው ላይ ግን አሁንም ሽሮ አለ።


ጋሽ ምድጃ — ሰኞ፣ ማታ 3፡15

ልጄ፣ ሳሪስ ምግብ ቤት ነበረኝ። አሁን አርፌ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የማንንም ገበያ ሳልፈራ ልንገርሽ።

ችግሩ ከቤቱ ይልቅ ካዘዝሽው ምግብ ነው። እዚህ ከተማ መካከለኛ ምግብ ቤት የሚኖረው በምሳ ነው። ሽንኩርቱ ከማለዳ ጀምሮ ይቁላላል፣ 5 ሰዓት ላይ ወጡ ይወርዳል፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ይጎርፋል። ምሳ ላይ የተሸጠው ተሸጠ። የቀረው ለማታ ይሞቃል። ማጭበርበር እንዳይመስልሽ። ወጥ ደፍቶ የሚያተርፍ ምግብ ቤት የለም። ግን በ1 ሰዓት ቀይ ወጥ ያዘዘ ሰው የሚበላው የምሳ ትራፊ መሆኑን ይወቅ።

እንጀራውም እንደዚያው ነው። ብዙው ቤት ራሱ አይጋግርም፤ ከጋጋሪ ይረከባል። የሚረከበውም ጠዋት ነው። ቀኑን ሙሉ መሶቡ ሲከፈት ሲከደን ንፋስ ይመታዋል። ጠርዙ የተሰባበረብሽ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ማታ ላይ ሜኑ አታንብቢ። ካዘዝሽ በኋላ እሳት ላይ የሚወጣውን ብቻ እዘዢ። ተጋቢኖ፣ ጥብስ፣ ቲማቲም ለብለብ፣ እንቁላል፣ ፍርፍር። እነዚህን ቀድሞ ሠርቶ የሚያስቀምጥ የለም፤ ቢያስቀምጥም ያስታውቅበታል። ፍርፍርን አትናቂ። የደረቀው እንጀራ ለሌላው ምግብ ጉዳት ነው፣ ለፍርፍር ግን ጥቅም። ትኩስ እንጀራ ቁሌት ውስጥ ሲገባ ይላቁጣል፤ የደረቀው ቅርጹን ይዞ ቅመሙን ይጠጣል።

ቤት ስትመርጪ ደግሞ በአፍንጫሽ ምረጪ። ማታ 1 ሰዓት ላይ በሩ ጋ የሽንኩርት ቁሌት የሚሸት ከሆነ፣ ጓዳው ሥራ ላይ ነው። የከረመ ዘይት ከሸተተሽ ወይም ምንም ካልሸተተሽ እለፊው። አስተናጋጇን "ምን አላችሁ?" አትበያት፤ ሁሉም አለ ትልሻለች። "አሁን ምን ይሠራልኛል?" በያት። መልሷ ከዘገየ ገብታ ጓዳ ልትጠይቅ ነው፤ እሷ ደህና ልጅ ናት።


ቀይ ወጥ ወዳድ — ሰኞ፣ ማታ 3፡32

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወም። ወጥ የሚጣፍጠው ሲያድር ነው። እናቴ ቤት በዓል በማግስቱ ነው ድስቱ የሚራቆተው። ምሳ ተሠርቶ ማታ ቢበላ ምን ይለዋል?


ጋሽ ምድጃ — ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ያደረ ወጥና አሥር ጊዜ የሞቀ ወጥ ለየቅል ናቸው፣ ልጄ። የእናትህ ድስት አንዴ ይወርዳል፣ ተከድኖ ያድራል። የምግብ ቤቱ ድስት በየትዕዛዙ ይከፈታል፣ ይማሰላል፣ ሲወፍር ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ሥጋው ይፈረካከሳል፣ ቅመሙ ይጠፋል። ማታ ላይ የሚቀርብልህ ያ ነው። ስለ ዶሮ ወጡማ ባልነግርህ ይሻላል።


ቀይ ወጥ ወዳድ — ሰኞ፣ ማታ 3፡53

ዶሮው ላይ ተረታሁ። ቀይ ወጥ ላይ አሁንም እከራከራለሁ።


የአራተኛ ፎቅ እናት — ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡05

ወንዶቹ ስለ ወጥ ሲከራከሩ የልጅቷን ጥያቄ ረሱት። ብቻዋን ነው የምትበላው።

የኔ እህት፣ እኔም እዚህ የመጣሁ ሰሞን ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ይሠራ ስለነበር ያየሽውን ሁሉ አይቼዋለሁ። ለሴት የሚመች ቤት ልጅ የሚታይበት ቤት ነው። ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ የቤት ሥራ የሚሠራ ልጅ ካየሽ ግቢ። የባለቤቷ ልጅ ነው። እሷም ጓዳ ናት ማለት ነው። ባለቤቷ ቆማ የምትሠራበት ቤት ሰካራም አይረብሽም፤ ወጥ መማሰያዋን ይዛ ነው የምትወጣለት።

ከዚያ በፊት ግን እጅ መታጠቢያውን እይ። ሳሙና ከሌለ ተመለሺ። ለደንበኛ ሳሙና ያላቀረበ ቤት ለሠሪዋ አቅርቧል ብዬ አላምንም።

አቀማመጥም አለው። ጥግ አትያዢ። ጥግ የያዘች ሴት ሰው የምትጠብቅ ይመስላቸዋል፣ "እስኪመጣ እንጫወት" የሚል አይጠፋም። ካሸሯ አጠገብ ተቀመጪ። አንድ ሁለቴ ሰላም ካልሻት የሚያስቸግርሽን እሷው ታስነሳዋለች።

ጥብስ ካማረሽ ሥጋ ቤት ገብተሽ ቴካዌይ አስደርጊ። እንጀራውን ግን ለብቻ ያስሩልሽ። አንድ ላይ ከታሰረ በላቡ ይርሳል፣ ቤት ስትደርሺ የምታገኚው ሌላ ምግብ ነው።


ጮማው — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡10

የሥጋ ቤትን ስም አታጥፉ እንጂ! አበላሉን ማወቅ ነው። ሥጋው ከቄራ የሚደርሰው ሌሊትና ንጋት ላይ ነው። ሻኛውን፣ ሽንጡን፣ ጭቅናውን የሚያውቅ ሰው በቀን ጨርሶታል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ገብቶ "ምርጥ ምርጡን ስጠኝ" ማለት ሥጋ ቆራጩን ማሳቅ ነው። "ምን ቀረህ?" በዪው። ከፊትሽ አስቆርጪ። ስቡንና ቀዩን አመጣጥኖ እንዲያደርግልሽ ንገሪው። ጅማት የበዛበት ወርች ብቻ ከቀረ ጥብሱን ተዪው፤ ያኔ የምትታኘኪው አንቺ ነሽ።

ጥሬ ሥጋ ግን ማታ አልመክርም። እኔ ራሴ ቁርጥ የምበላው ከቀትር በፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ተንጠልጥሎ ዝንብ ሲያስተናግድ የዋለውን ለእሳት ተዪው። ቅዳሜ ከሰው ጋር ከሆንሽ ደግሞ ገላንን አልፈሽ ዱከም ውረጂ። እዚያ ሥጋ ለመብላት ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው ይመጣል፤ አንቺ ግማሽ መንገድ ላይ ነሽ።

ፍጠኚ ደግሞ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ እስከ ገና የእኛ ሰፈር ሥጋ ቤት ግማሹ ተዘግቶ ነው የሚከርመው።


ረዳት የነበረ — ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30

የጋሽ ምድጃ ሕግ ለሠራተኛ ቤት ነው። ለሹፌር ቤት አይሠራም። የከባድ መኪና ሹፌር ቀን ይነዳል፣ ማታ ይበላል። እሱ በሚያድርበት መንገድ ዳር ያለ ቤት ዋናውን ድስት የሚጥደው 11 ሰዓት ላይ ነው። ወጡ የሚወርደው ሌላው ቤት ሲያሞቅ ነው።

የአዳማው የፍጥነት መንገድ በ2007 ሲከፈት መነሻው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ሆነ። ግን በአሮጌው መንገድ በአቃቂ፣ በገላን፣ በዱከም የሚያልፍ መኪና ዛሬም አለ። እኔ ጥሩ ቅቅልና ጎመን በሥጋ የማውቀው በዚያ መስመር ነው። መኪኖቹ የተደረደሩበትን አይተሽ ግቢ።


የአራተኛ ፎቅ እናት — ማክሰኞ፣ ቀን 7፡48

ወንድሜ፣ ምግቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ግን ማታ ብቻዋን መኪና የተደረደረበት ሄዳ ቅቅል ትብላ ነው የምትለው?


ረዳት የነበረ — ማክሰኞ፣ ቀን 7፡55

እሱስ ልክ ነሽ። ለወንዶቹ ይሁን።


አሚር ከገላን — ማክሰኞ፣ ማታ 12፡20

እኔም አንድ ልጨምር። የምኖረው ገላን ነው፣ ሥራዬ ቱሉ ዲምቱ። የማውቃቸው የሙስሊም ምግብ ቤቶች ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው ሰው የሚበዛባቸው። ስለዚህ ለማታ ሁለተኛ ድስት ይጥዳሉ። ሩዝ በሥጋው ያኔ ነው ትኩስ። አብዛኞቹ መጠጥ ስለማይሸጡ ድራፍት ይዞ ዞሮ የሚያይሽም የለም። ሻይ ጠጥቶ የሚወጣ ሰው ነው።

ሥጋው የኛ መሆኑን አውቀሽ፣ የምትበዪ ከሆነ ማለቴ ነው። የማትበዪ ከሆነም ፉሉ አለ፣ እንቁላሉ አለ፣ ፈጢራው አለ። ፈጢራ የጠዋት ነው የሚል ሰው ማታ አልበላም ማለት ነው።


ጋሽ ምድጃ — ማክሰኞ፣ ማታ 12፡45

አሚር እውነቱን ነው። ረዳቱም እንደዚያው። ሁለተኛ ድስት የሚጥድ ቤት ካገኘሽ ሰኞ የነገርኩሽን ሁሉ እርሺው፣ ወጥ እዘዢ። ችግሩ ሁለተኛ ድስት የሚጥደው የማታ ደንበኛ ያለው ብቻ ነው። አዲስ ሰፈር ላይ ደግሞ የማታ ደንበኛ ገና አልተለመደም። ሰው ከመሀል ከተማ ሥራ ደክሞት ይመጣል፣ ቀጥታ ፎቁ ላይ ይወጣል።


ሂሳብ ሹሟ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ይህን ያህል ሰው ይመልሳል ብዬ አልጠበቅኩም።

ማክሰኞ ማታ የጋሼን ምክር ይዤ ወጣሁ። በአፍንጫ ስሄድ ሁለት ቤት አለፍኩ። ሦስተኛው ጋ ቁሌቱ መንገድ ድረስ ይሸታል። ልጅ አላየሁም፤ ሳሙና ግን አለ። "አሁን ምን ይሠራልኛል?" ስላት ልጅቷ ሳቀችና "ተጋቢኖ ይሻልሻል" አለችኝ። በሽክላ እየተንተከተከ መጣ። ወፍራም፣ ነጭ ሽንኩርቱ የሚታወቅ፣ ቃሪያ ከላይ ጣል የተደረገበት። እንጀራው ያው የጠዋት ነው፣ ግን ከተጋቢኖ ጋር ብዙም አይታወቅም። ከካሸሯ ጎን ተቀምጬ በሰላም በላሁ።

የከፋኝ ሂሳቡ ነው። ሜኑው ላይ ካለው ዋጋ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮ መጣ። ከታች በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል። ሙያዬ ስለሆነ ቫቱ መከፈሉን አልቃወምም፤ ዋጋውን ከነቫቱ ቢጽፉት ምን ነበረበት? ደግሞ መጀመሪያ ያመጡልኝ ብጣሽ ወረቀት ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ ነው የማሽኑ የመጣው። እናንተም ጠይቁ። ቫት ከፍላችሁ ደረሰኝ ካልተቀበላችሁ ገንዘቡ የት እንደሚገባ እናንተው ገምቱ።

ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ። ማታ በየዓይነቱ ያዋጣል?


ጋሽ ምድጃ — ረቡዕ፣ ቀን 5፡20

በየዓይነቱ የምሳ ንጉሥ ነው። ማታ ላይ ግን ስምንት ዓይነት ትራፊ በአንድ ትሪ ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ብዙ ስለሚሸጥ ከሌላው ቀን ይሻላል። ከማዘዝሽ በፊት የሰው ትሪ ላይ ያለውን ጎመን እዪ። አረንጓዴው ጠፍቶ ቡናማ ከሆነ ከጠዋት ጀምሮ ሲሞቅ ነው የዋለው። ጎመኑ እንደዚያ ከሆነ ምስሩም ክኩም አይሻሉም።

እንደገና ተጋቢኖ ብትዪ "የጾም" ብለሽ ንገሪያቸው፣ ሽሮ ስለሆነ ብቻ አትመኚ። በፍስክ ቀን የለመደ እጅ ቅቤ ጠብ ያደርግበታል። ቦዘና የሚሉት ደግሞ ሥጋ አለበት። ሱፍ ፍትፍት ካላቸው ግን እሱን ብዪ። ቀዝቅዞ ስለሚበላ ማሞቂያ አያበላሸውም።


ሐይቅ ዳር — ረቡዕ፣ ቀን 6፡02

ዓሳ እንዴት ተረሳ? ረቡዕ ማታ ዓሳ ጉላሽ የመሰለ ነገር የለም። ካዘዝሽ በኋላ ነው የሚሠራው፣ የጋሼንም ሕግ ያሟላል።


ቀይ ወጥ ወዳድ — ረቡዕ፣ ቀን 6፡10

ዓሳ በጾም? ከመቼ ወዲህ?


ሐይቅ ዳር — ረቡዕ፣ ቀን 6፡14

ከአያቴ ጀምሮ። እኛ አገር የረቡዕ ዓሳ ማንም አይጠይቅም።


ቀይ ወጥ ወዳድ — ረቡዕ፣ ቀን 6፡19

የኔ አያት ብትሰማህ ደግሞ ከቤት አታስገባህም ነበር።


አወያይ — ረቡዕ፣ ቀን 6፡45

የዓሳው ክርክር እዚህ ይብቃ። ከዚህ በታች የነበሩ ምላሾችን አንስቻለሁ። ስለ ጾምና ዓሳ ራሱን የቻለ ክር አለ፤ እዚያም ማንም ከማንም አልተስማማም። ወደ እራቱ ተመለሱ።


ነን ካፌ — ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ስሜ እንደሚለው ግቢ ውስጥ አልበላም። በግቢው በር አካባቢ ያሉ ትንንሽ ቤቶች ደንበኛቸው ማታ ነው የሚመጣው፣ ከትምህርት ሲወጣ። ጣዕሙ መካከለኛ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ምግቡ ይወጣል፣ ይሸጣል፣ አይከርምም። ዋጋውም ለተማሪ የተሠራ ነው። ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለጥር አይሆንም።

እኛ የወር ኮንትራት ነው የምንይዘው። በቅድሚያ ትከፍያለሽ፣ ደብተር ላይ ትፈርሚያለሽ። ጥቅሙ ሠሪዋ ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቃለች፣ በልኩ ትሠራለች። ጉዳቱ ማክሰኞ የበላሽውን ሐሙስም ትበያለሽ።


የአራተኛ ፎቅ እናት — ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

ኮንትራት ካልክ ዘንድ፣ እኔም ልል የነበረው እሱን ነው። የእያንዳንዱ ብሎክ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። የብሎክሽን ኮሚቴ ጠይቂ፣ ያስገቡሻል። እዚያ ውስጥ ውሃ ጠፋ፣ ሊፍት ተበላሸ፣ ማን ነው ቆሻሻ የጣለው የሚል ጭቅጭቅ ይበዛል። በመሀሉ ግን "ትኩስ እንጀራ ደርሷል፣ ሦስተኛ ፎቅ" የሚል መልእክት ታገኛለሽ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ወጥም ትሠራለች። ብትጠይቂያት እምቢ አትልም። ልጆቿ የሚበሉትን ነው የምታካፍልሽ፣ ልጆች ደግሞ የሚበሉት ማታ ነው።


የዶሮ ማነቂያ ልጅ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

እኔ ከሌላ በኩል ልምጣ። 2016 ላይ ፒያሳ ሲፈርስ ሰፈርተኛው ተበታተነ። ያደግንበት ቤት ብቻ አይደለም የሄደው፤ የምንበላበትም ሄደ። ጥዋት ፍርፍር፣ ማታ ሽሮ የምትሠራልን ሴትዮ እኔ ከደረሰኝ ሰፈር በተቃራኒው ጫፍ ደረሳት። ለጊዜው ሥራውን ተወች ብለን ነበር። በኋላ ከምድር ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ መጀመሯን ሰማን። ታፔላ የላትም። የድሮ ደንበኛ በስልክ እየተጠራራ ነው የሚሄደው። እኔም ሁለት ታክሲ ቀይሬ እሄዳለሁ፣ ለእራት ብቻ።

ይህን የምለው ለምን መሰለሽ፣ እነዚህ አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ የተቀመጠው ሰው ከየቦታው የመጣ ነው። ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ። የድሮ ሰፈር እጆች ሁሉ እዚህ አሉ፣ ግን የት ፎቅ ላይ እንዳሉ አይታወቅም። ስለዚህ ቤት አትጠይቂ፣ ሰው ጠይቂ። "እዚህ ብሎክ ውስጥ ድሮ ምግብ ቤት የነበራት ማን ናት?" በዪ። ጥበቃው ያውቃል። ጥበቃ ማታ ማታ ከእነሱ ነው የሚበላው።


ኮዬ ማዶ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

የጥበቃው ነገር እውነት ነው። ሰውየው ሌላ ወሬ ላያውቅ ይችላል፣ የእራት ወሬ ግን አያመልጠውም።


ሂሳብ ሹሟ — ዓርብ፣ ጠዋት 2፡50

ላካፍላችሁ። ረቡዕ ጎመኑን አይቼ ተውኩት፣ ቡናማ ነበር። ፓስታ በአትክልት በልቼ ገባሁ። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ፓስታ ነው።

ሐሙስ ማታ ሰርቪሱ ሲያወርደን ሰፈሩ ጨለማ ነው፣ መብራት ጠፍቷል። ባለቀለም መብራቱ ቤት ጄኔሬተር ያንጓጓል፣ ውስጡ ሰው የለም። ከኮንዶሚኒየሙ መግቢያ አጠገብ ካሉት የቆርቆሮ ቤቶች ግን አንዱ በሻማ ይሠራል። ከሰል ምድጃው በር ላይ ወጥቷል። ሴትዮዋ እዚያው ቆማ ታቁላላለች። ቀን ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት አላውቅም፤ ቀን ላይ ሻይ ቤት ነው የሚመስለው። ፍርፍር አዘዝኩ። ቋንጣ ጨምራበት ሠራችልኝ፣ በርበሬው የቤት ነው። ቋንጣው ከእንጀራው ጋር ሲታኘክ የሚሰጠውን ነገር ለመግለጽ አልሞክርም። ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፣ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማንም ብቻሽን ነሽ አላለኝም።

ጉድለቷ ቶሎ መዝጋቷ ነው። ከ2 ሰዓት በኋላ አትሠራም። ደረሰኝም የላትም፣ እሷን ግን በቫት ልከሳት አልሄድም።

ለጾም ቀናት ደግሞ የብሎካችንን ጥበቃ ጠየቅኩ። አምስተኛ ፎቅ ላይ መርካቶ አካባቢ ምግብ ትሠራ የነበረች ሴት አለች። ለረቡዕና ዓርብ ተነጋገርን። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።


ጮማው — ዓርብ፣ ቀን 5፡00

የቆርቆሮዋን ቤት ስም ጻፊልን እንጂ። ቋንጣ ፍርፍር ብለሽ ዝም ይባላል?


ሂሳብ ሹሟ — ዓርብ፣ ቀን 5፡25

አልጽፍም። አራት ወንበር ናት ያላት። ቲክቶከር ከደረሰባት እኔ የት ልቀመጥ? መብራት በጠፋ ማታ በከሰሉ ሽታ ፈልጋት።


ጋሽ ምድጃ — ዓርብ፣ ቀን 6፡40

መብራት የሚጠፋበት ማታ የምግብ ቤት ፈተና ነው። ወጡን በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ ቤት ያን ዕለት የለም። ከሰል ያለው ሁልጊዜ ይሠራል። ይህን እኔ መናገር ነበረብኝ። ልጄ፣ ሴትዮዋን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ቋንጣውን ራሷ ነው የምትሰቅለው ወይስ ትገዛለች? በዝናብ የተሰቀለ ቋንጣ ሻጋታ አያጣውም። አሁን ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ጥሩ ነው።


ሂሳብ ሹሟ — ዓርብ፣ ቀን 7፡15

እጠይቃታለሁ ጋሼ። ሰኞ ማታ።


አሚር ከገላን — ዓርብ፣ ማታ 12፡50

ቅዳሜስ? ቅዳሜ ማታ የምትበይበት ካጣሽ የእኛን ሩዝ ቅመሺ፣ ከባለቤቴ ጋር ነኝ፣ ሦስታችን እንሄዳለን። የአራተኛ ፎቅ እናትም ከፈለጉ ይምጡ።


የአራተኛ ፎቅ እናት — ዓርብ፣ ማታ 1፡10

እኔ ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ። ቴካዌይ ካመጣችሁልኝ እቀበላለሁ፣ ሩዙን ለብቻ፣ ሥጋውን ለብቻ።


ሰሚት 72 — ዓርብ፣ ማታ 1፡45

እኔ ከሰሚት ወደ ጀሞ 2 ልገባ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው የምደርሰው፣ የቆርቆሮ ቤቶቹ ከተዘጉ በኋላ። ለዚያ ሰዓት የሚሆን የምታውቁ አላችሁ?


አወያይ — ዓርብ፣ ማታ 1፡58

ለጀሞ ሌላ ክር ክፈት ወንድሜ። ርዕሱ ላይ ሰዓቱን ጻፍበት፣ ካለዚያ ሁሉም የምሳ ቤት ነው የሚጠቁምህ።